ዊልፍ ዝም ያለበት ዘፈን

ሰኞ፣ ማርች 1

ዝናብ። የድንች መላጫው ማሽን ዛሬም ተበላሸ። የተማሪዎቹን ምሳ ለማድረስ ወጥ ቤት ያለነው ሴቶች ሁሉ ቁጭ ብለን በእጅ ላጥን። ጣቶቼ እስካሁን እንደተጨማደዱ ናቸው። ቤት ስመለስ ጠዋት ያሰጣሁት ልብስ ሳወጣው ከነበረው የባሰ ርሷል። ማን አስጪው አለኝ?

ዊልፍ መጣ። በጓሮ በር፣ ሳያንኳኳ። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፣ ፎቶው ጋዜጣ ላይ ይወጣል፣ ሴቶች ስሙን እየጠሩ ይጮሃሉ... ቤቴ ሲገባ ግን መጀመሪያ የሚከፍተው ድስት ነው።

«ምን አለ እታለም?»

«ሾርባ። ድምፅህን ምን ነካው?»

«ምንም።»

ምንም አይመስልም። ዘይት እንዳጣ በር ሲጥ ሲጥ ይላል።

ሁለት ወሬ ይዞ ነው የመጣው። አንደኛው ጥሩ ነው። የለንደኑ የሸክላ ኩባንያ በሚመጣው ሳምንት ዓርብና ቅዳሜ መቅረጫ የተጫነበት መኪና ይልካል። እዚሁ ኒውካስል፣ የከተማው አዳራሽ። ባንዳቸው፣ «ባለመዶሻዎቹ»፣ ሕዝብ ፊት እንደተጫወተ፣ ጩኸቱም ጭብጨባውም ሳይቀር ሸክላ ሊሆን ነው። ሌሎቹ የሮክ ባንዶች እንዲህ ያለ ሸክላ አላቸው። ለነዊልፍ ግን የመጀመሪያቸው ነው።

«በቤታችን እኮ ነው እታለም! በሰዋችን ፊት!»

ሁለተኛውን ወሬ የነገረኝ ሾርባውን እያየ ነው። ሐኪም ዘንድ ሄዷል። ጉሮሮው ውስጥ፣ ድምፅ የሚያወጣው ጅማት ላይ፣ እባጭ አለ። በመኸር ይቆርጡታል። ከዚያ በኋላ ድምፁ ምን እንደሚሆን ሐኪሙም አያውቅም። ሊሻለው ይችላል። ላይመለስም ይችላል።

«ስለዚህ ይሄ ሸክላ ጥሩ መሆን አለበት። ምናልባት ከዚህ ሌላ...»

አልጨረሰውም። ዳቦ ቆረስኩለት። ሌላ ምን ላድርግ? እናታችን ስትሞት የአራት ዓመት ልጅ ነበር። ያኔም ያወቅኩበት ነገር ዳቦ መቁረስ ብቻ ነው።

ረቡዕ፣ ማርች 3

ማርና ትኩስ ውሃ ይዤለት ልምምድ የሚያደርጉበት መጋዘን ሄድኩ። ጊታር የሚጫወተው አልፊ «ለኔስ እትዬ ሂልዳ?» አለ። አንተ የምትዘፍነው በጣትህ ነው አልኩት። ሁሉም ሳቁ። ሰው ማሳቄ ለራሴም ገረመኝ።

ቅዳሜ፣ ማርች 13፣ ጠዋት

የትናንቱ ተበላሽቷል።

ጎረቤቴ ኦሊቭ በአጥሩ ላይ ተንጠልጥላ ነገረችኝ። ኦሊቭ አዳራሹ ውስጥ በዕረፍት ሰዓት ሻይ የምትሸጠው ናት። ለእሷ ሁለት ነገር ብቻ ነው በዓለም ላይ ያለው፣ ሻይና እግር ኳስ።

«አንድ አበባ አበባ ሸሚዝ የለበሰ ሰውዬ መጣ፣ ሚስተር ፕሬንቲስ የሚሉት። የኩባንያው ሰው። ‹እመቤቴ፣ ይሄን በርሜል ይንቀሉልኝ› አይለኝም!»

«የሻይ ማፍያውን?»

«የሻይ ማፍያውን! ኤሌክትሪኩ መቅረጫው ውስጥ እየገባ ነው አለኝ። እኔ ደግሞ፣ ልጄ፣ ሁለት ሺህ ሰው ወጥቶ ሻይ ይለኛል፣ አንተ ነህ የለም የምትላቸው? አልኩት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሻዩ ፈላ።»

ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው እምምምም የሚል ድምፅ ተቀርጿል። አንድም ደቂቃ አይተርፍም። እንግዲህ ያለው የዛሬው ብቻ ነው። ዊልፍ ራሱ ሄዶ ኦሊቭን ጉንጯን ስሞ ለመናት። ዛሬ በርሜሉ ይነቀላል። ሻዩን ቤቷ አፍልታ በፔርሙዝ ልታመጣ ነው። ጠዋቱን ሙሉ መንደሩን እየዞረች ፔርሙዝ ስትለምን አረፈደች። የኔንም ወሰደችው።

እሁድ፣ ማርች 14

እንዴት ብዬ ልጻፈው?

ሰገነቱ ላይ፣ ፊተኛው ረድፍ ነበርኩ። አንድ ማይክሮፎን በገመድ ተንጠልጥሎ አናቴ ላይ ይወዛወዛል። ዊልፍ እኔ የተኮስኩትን ሸሚዝ ለብሶ ወጣ። ደረቱን ከፍቶታል። ብርድ ይመታዋል ብዬ አሰብኩ... እንደዚያ ያሰብኩ ከሁለት ሺህ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ጩኸቱ ወንበሩን ያንቀጠቅጠዋል። መጀመሪያ ጆሮዬን ልይዝ ነበር፤ ቆይቶ ለመድኩት። ቆይቶ ደግሞ ወደድኩት። ልጁ ዘፈነ! አንድም ነገር የሌለበት ይመስል ዘፈነ። ከጎኔ የተቀመጠው የመርከብ መሥሪያ ሠራተኛ በየዘፈኑ መጨረሻ ጉልበቴን በጥፊ ይመታል። የራሱን የመታ መስሎት ነው።

ወደ ማለቂያው «ማዶ ያለህ»ን ጀመሩ። ቀስ ያለው ዘፈናቸው ነው። አባታችን ታይን ወንዝ ላይ ጀልባ ያሻግር ነበር። ከፈረቃ ዘግይተው የወጡ ሰዎች ከወዲያ ዳር ሆነው «ማዶ ያለህ!» እያሉ ይጠሩታል፤ እሱም ፋኖሱን ያበራላቸዋል። ዊልፍ ዘፈኑን የሠራው እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ባቄላ እየፈለፈልኩ።

አንደኛው ግጥም ደህና አለፈ። ሁለተኛው ላይ «ማዶ ያለህ፣ ትሰማ...» አለና ቀረ። አፉ ክፍት ነው። ድምፅ የለም። አልፊ ያንኑ ዜማ በጊታር ዞረበት። እንደገና ዞረበት። ዊልፍ እጁን ጉሮሮው ላይ አደረገ። አዳራሹ ጭጭ አለ። ያን ፊት አውቀዋለሁ። ሕፃን ሆኖ ገበያ መሃል ጠፍቶኝ ሳገኘው የነበረው ፊት ነው።

ከዚያ አንዲት ሴት ዘፈነች። «እሰማሃለሁ፣ መጣሁ፣ መብራቴን ላብራ...»

እኔ ነኝ።

አስቤ አይደለም። አፌ ቀደመኝ። ቤተ ክርስቲያን እንኳ የኋላ ወንበር ላይ ከንፈሬን ብቻ የማንቀሳቅስ ሰው... ያን ስንኝ ብቻዬን ጨረስኩት። ከዚያ ከጎኔ ያለው ሰውዬ በወፍራም ድምፁ ተቀበለኝ። ከዚያ ረድፉ። ከዚያ ታችም ላይም፣ ሁሉም። እስከ ዘፈኑ መጨረሻ ሕዝቡ ዘፈነው። ዊልፍ ቆሞ ሰማ።

ማንም ልብ አላለኝም። ኦሊቭ ታች ፔርሙዞቿን ትደረድር ነበር። ሲያበቃ ሰውዬው «ጉልበትሽን መታሁሽ እንዴ?» አለኝ። ምንም አይደል አልኩት።

ማክሰኞ፣ ማርች 16

ዊልፍን አልጋ ውስጥ ተጠቅልሎ አገኘሁት። ትኩሳት የለውም። ሀፍረት ነው።

አልፊ እግሩ ሥር ተቀምጦ ያሾፍበታል። «ሁለት ሺህ ሰው በነፃ ዘፈነልህ። ሌላው ባንድ ለአጃቢ ይከፍላል።»

«ዝም በል አልፊ።»

«ዝም ማለትማ ያንተ ሙያ ነው።»

ትራስ ወረወረበት። ለንደን ሄዶ ያን ዘፈን እንደገና ሊዘፍነው ነው። ፕሬንቲስ አትጨነቅ ብሎታል። ሁሉም እንደዚያ ያደርጋል፣ ሕዝብ ፊት የተቀዳ የሚባለው ሸክላ ሁሉ ለንደን ገብቶ ይጠገናል፣ አንዳንዱ ላይ የመድረኩ ጭብጨባው ብቻ ነው አለው።

«ታዲያ ውሸት አይሆንም?» አልኩ።

«ፎቶ አንሺስ ብጉር ያጠፋ የለም እንዴ እትዬ?» አለ አልፊ።

የጀመርኩት እኔ መሆኔን ዊልፍ አያውቅም። መብራቱ ዓይኑን ይወጋዋል፣ ከመድረክ ምንም አይታየውም። አልነገርኩትም። እሱ ባፈረበት ነገር ላይ እኔ ነበርኩበት ብዬ ምን ላተርፍ?

እሁድ፣ ኤፕሪል 11

ከለንደን ተመለሰ። ከስቷል። ግድግዳው ሁሉ ምንጣፍ የለበሰ ክፍል ውስጥ አስገብተው ከጠዋት እስከ ማታ ያንኑ ዘፈን አዘፈኑት።

«ሆነልህ?»

«አንዱ ሆነ። ግን አልገባም አለ።»

«የት አልገባም?»

አስረዳኝ። መድረክ ላይ ሲዘፍን ድምፁ በሱ ማይክ ብቻ አይደለም የገባው። ድራሙ ጋ ባለው ማይክ ገብቷል፣ ሕዝቡ ላይ በተንጠለጠሉት ገብቷል። አዲሱን ድምፅ ሲለጥፉበት የድሮው ከኋላው ይሰማል። ሁለት ዊልፍ። አንዱ ይዘፍናል፣ አንዱ ከኋላው ቆሞ ይሰበራል። ስለዚህ ከዚያ ዘፈን የአዳራሹን ድምፅ ሙሉ በሙሉ ቆርጠው ጣሉት። ባንዱም በአዲስ ተቀዳ።

«ሕዝቡስ?»

«ፕሬንቲስ ሌላ ሕዝብ አለው። መደርደሪያ ላይ።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። አይደለም።

መሐረቡን ሳጥብ ደም አየሁበት። ሊደብቀኝ አጥብቆ ጠቅልሎት ነበር።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 12

ሕዝብ ከመደርደሪያ... ድንቹን ሁለቴ ጨው ጨመርኩበት። ልጆቹ በሉት፣ እንጃ እንዴት እንደበሉት።

ቅዳሜ፣ ጁን 5

የሙከራው ሸክላ ደረሰ። ሥዕል የሌለው ነጭ ሽፋን። ዊልፍ፣ አልፊና ኦሊቭ እኔ ሳሎን ተሰበሰቡ። ኦሊቭ ኬክ ይዛ መጣች።

ሲያምር! የመጀመሪያዎቹ ዘፈኖች ያልተነኩ ናቸው። ወንበሬ ሥር ያ መንቀጥቀጥ ተሰማኝ። አልፊ እንኳ የራሱን ጊታር ሲሰማ ዝም አለ። ከዚያ «ማዶ ያለህ» መጣ። ንጹሕ ድምፅ ነው። እንደታጠበ ሳህን። ሁለተኛው ግጥም ላይ ትንፋሼን ያዝኩ... ምንም። ለስልሶ አለፈ። ማንም አልተሰበረም፣ ማንም አልመለሰ። መጨረሻው ላይ ትልቅ ጭብጨባ።

ኦሊቭ ማኘክ አቆመች። «መልሰው።»

«ምኑን?» አለ ዊልፍ።

«ጭብጨባውን። መልሰው አልኩህ።»

መለሰው። ኦሊቭ ጆሮዋን ወደ ሸክላ ማጫወቻው አስጠጋች። «ይሄ ፊሽካ ነው።»

«የምን ፊሽካ?»

«የዳኛ ፊሽካ ነዋ! ቀጥሎ ያለውን ስሙ... ያን ጭፈራ። ሠላሳ ዓመት ስታዲየም ቆሜ ስሰድበው የኖርኩትን ጭፈራ ላጣው ነው? ጠላቶቻችን ናቸው፣ ሰንደርላንዶች!»

አልፊ ከወንበሩ ወደቀ። እውነቴን ነው፣ ምንጣፉ ላይ ተንከባለለ። «ሰንደርላንድ አጨበጨበልህ ዊልፍ! እንኳን ደስ ያለህ!»

«ነፍሱን ይማረውና አባታችሁ ቢኖር ይሄን በመስኮት ነበር የሚወረውረው» አለች ኦሊቭ። በንዴት የመጨረሻውን ኬክ በላችው።

እኔም ሳቅኩ፣ እንባዬ እስኪመጣ። ዊልፍ ግን አልሳቀም። መርፌው ባዶውን ሲሽከረከር አይቶ አይቶ፣ «የኛዎቹስ የት ሄዱ?» አለ።

ወደ አልፊ ዞረ።

«አልፊ፣ ያልተነካው ቅጂ አንተ ጋ አለ አይደል?»

ማክሰኞ፣ ጁን 8

ዛሬ ሥራ ቦታ መጣ። ሴቶቹ በአንዴ ፀጉራቸውን ነካ ነካ አደረጉ።

«እታለም፣ ውጪ።»

«ድንቹ ያርርብኛል።»

«ይረር።»

ጓሮ፣ ከቆሻሻ በርሜሎቹ ጎን ቆምን። አልፊ ጋ ያለውን ሰምቶታል።

«ዝም ካልኩ በኋላ አንዲት ሴት አለች። ብቻዋን።»

ሽርጤን አስተካከልኩ።

«ትንፋሽ የምትወስደው ቃሉ መሃል ነው። ማንም ሰው እዚያ ላይ አይተነፍስም። በሕይወቴ እንደዚያ የሚዘፍን አንድ ሰው ነው የማውቀው። እሷም ሳህን ስታጥብ ብቻ ነው የምትዘፍነው።»

«ማይኩ ቅርብ ነበር» አልኩ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አፍረህ ነበራ።»

የወተት ሳጥን ገልብጦ ተቀመጠ። ፊቱን በሁለት እጁ አሸ። «ይሄ ከወጣ ሰው ሁሉ ይሰማዋል እኮ። ከተቆረጥኩ በኋላ ድምፄ ካልተመለሰ ሰው የሚያስታውሰኝ በዚያ ነው። ስሰበር።»

ምን ይባላል? እኔ ተናጋሪ ሰው አይደለሁም። ግን የሆነ ነገር ገፋኝ። «አንተ ጠራህ» አልኩት። «ትሰማኛለህ ብለህ ጠራህ። ሁለት ሺህ ሰው እሰማሃለሁ አለህ። እነሱ ቆርጠው የጣሉት ያንተን ስብራት ብቻ መሰለህ? መልሱንም ነው። እኔንም ነው ያወጡኝ።»

ለዊልፍ ይህን ያህል ተናግሬው አላውቅም፣ ስቆጣው ካልሆነ በቀር። ቀና ብሎ አየኝ። ሳጥኑን ወደ ቦታው መልሶ ሄደ።

ድንቹ አሮ ጠበቀኝ።

ዓርብ፣ ጁን 18

ከለንደን መጡ። አልፊ እጁን እያወናጨፈ ነው የተረከልኝ።

ዊልፍ ፕሬንቲስ ቢሮ ገብቶ ያልተነካው ይውጣ አለ። ፕሬንቲስ ሳቀ። «የተሰበረ ድምፅ ገዝቶ ቤቱ የሚያስገባ ማነው?»

«እንግዲያው የኔ ስም ያለበት ሸክላ አይወጣም።»

«ውል አለን ወዳጄ።»

ያኔ አልፊ ጠየቀ። «ለመሆኑ ያ ጭብጨባ የማን እንደሆነ ያውቃሉ?»

«የሰሜን ሰዎች ናቸው ብለው ነው የሰጡኝ። እናንተስ ሰሜን አይደላችሁ?»

አልፊ ሌላ ቃል አልጨመረም። ስልኩን አንስቶ ወደ አዳራሹ ደወለ፤ ኦሊቭን አቀረበለት። ኦሊቭ ተናገረች። ፕሬንቲስ ስልኩን ከጆሮው አራቀ፤ አሁንም ይሰማል። ያን ሸክላ መስኮቱ ላይ የሚያቆም ሱቅ ካለ መስታወቱን ይሰናበተው ነበር የምትለው።

ፕሬንቲስ ስልኩን በመዳፉ ሸፈነው። «ይቺ... የሻይዋ ሴትዮ ናት?»

«ናት» አለ ዊልፍ።

ሰውዬው ወንበሩ ላይ ተለጠጠ። እሺ አለ። ግን ሸክላው ካልተሸጠ ኩባንያው ከባለመዶሻዎቹ ጋር ሌላ አይሠራም። ዊልፍ ተስማማ።

ዊልፍ ስምሽን ሽፋኑ ላይ እናውጣው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሞክራትና ከዚያ ወዲያ ሾርባ አታያትም አልኩት።

ሐሙስ፣ ጁላይ 1

እንዲህ ያለ ሙቀት አይቼ አላውቅም። ሣሩ ሁሉ ደርቋል። ዊልፍ ሐኪሙ በሹክሹክታ ብቻ ተናገር ስላለው መንደሩ በሙሉ እሱን ሲያይ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ፖስተኛው እንኳ።

ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 10

ሸክላው ወጣ። ሁለት ሸክላ በአንድ ሽፋን። አዳራሹ ከነሕዝቡ ሽፋኑ ላይ አለ፣ ከላይ የተነሣ። ራሴን ፈለግኩ። ሁላችንም ነጠብጣብ ነን።

የአራተኛውን ገጽ ሰማሁት። ዊልፍ ዝም ሲል ልቤ ዛሬም ወደቀ። ከዚያ ያቺ ሴት... ቀጭን፣ ትንሽ ያዘነበለ ድምፅ። እንዲህ ነኝ እንዴ?

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 16

ባቡር ጣቢያው ካለው ሱቅ የለንደኑን የሙዚቃ ጋዜጣ ገዛሁ። ምነው ባልገዛሁት።

«ዘፋኙ ድምፁ የከዳውን ደቂቃ ቆርጦ መጣል ሲገባው እንደ ጌጥ ለጥፎታል። የሕዝቡ ዝማሬ የሰፈር ሰርግ ይመስላል።»

«ሰርግ መጥፎ ነገር ነው እንዴ?» አለች ኦሊቭ። ጋዜጣውን ወስዳ የዓሣ አንጀት ጠቀለለችበት።

ዊልፍ አንብቦታል። ምንም አላለም፣ ያለችውን ድምፅ ይቆጥባል። ከኩባንያው ስልክ የለም። አልፊ ገበያው ቀዝቃዛ ነው አለኝ፣ ዊልፍ እንዳይሰማ።

እኔ ነኝ ያስወጣሁት። ያ ንጹሑ ቢሆን ኖሮስ? የመጨረሻው ድምፁ ከሆነና ሰው ከሳቀበትስ? በየትኛው እውቀቴ ነው እንደዚያ የተናገርኩት...

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 5

ዛሬ ስለሆነው ቀስ ብዬ ልጻፍ።

ባለፈው ሳምንት የሬዲዮ ሰው ዘፈኑን እንዳለ አሰማው፣ ዝምታውን ሳይቆርጥ። ሰዎች ደውለው መልስልን አሉት። በማግስቱም ደገመው። ይህን ሰምቼ ብዙም አልጠበቅኩም።

ዛሬ ከሥራ ስመለስ አውቶቡሱ ከመርከብ መሥሪያው በር ፊት ቆመ። ፈረቃ የሚለወጥበት ሰዓት ነው። አንዱ ከላይ ከክሬኑ ሆኖ «ማዶ ያለህ!» ብሎ ጮኸ። ሲወጡ የነበሩት ሰዎች፣ ሁሉም፣ ምሳ ዕቃቸውን እንደያዙ «እሰማሃለሁ!» አሉት። እየሳቁ። ሾፌሩም መስኮቱን ከፍቶ አብሮ ጮኸ።

ፌርማታዬን አለፍኩት። ዞሬ በእግሬ መጣሁ።

ሱቁ ውስጥ ሸክላው አልቋል። ከግላስጎውም፣ ከጀርመን አገርም እየተጠየቀ ነው አለኝ አልፊ። ለዊልፍ ነገርኩት። እጄን ያዘ። ከዚያ በሹክሹክታ «ለመቆረጥ ሁለት ሳምንት ቀረኝ» አለ።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 18

ገባ። ወጣ። ነጭ ሆኖ ተኝቷል። ሐኪሙ «እናያለን» አለኝ። ከሐኪም አፍ ይህን ቃል አልወደውም።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 27

በቤቴ የኋለኛው ክፍል ውስጥ ነው የሚያገግመው። መናገር ክልክል ነው፣ ሹክሹክታም ጭምር። በማንኪያ ጠረጴዛ ይመታል፤ አንዴ አዎ፣ ሁለቴ አይደለም። ሾርባው ሲመጣ ሁለቴ ይመታል። እኔ አልሰማሁም ብዬ አስቀምጥለታለሁ።

አልፊ ትናንት መጥቶ «እንግዲህ ስለ አዘፋፈንህ የማስበውን የምነግርህ አሁን ነው» አለውና ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ወረደበት። ዊልፍ ነጠላ ጫማውን ወረወረበት። ሳተው።

ማታ ጎረቤት ያሉት ሸክላውን አጫወቱ። በግድግዳው ውስጥ አልፎ መጣ። ሁለታችንም ዝም አልን... እሱስ መቼም ዝም ነው። ያ የድሮው ድምፁ ሲወጣ መዳፉን ግድግዳው ላይ አደረገ። እስኪያልቅ አላነሳውም።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 9

ሐኪሙ ተናገር ብሎታል። ኦሊቭ ባርኔጣ አድርጋ መጣች። አልፊም መጣ። ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀምጠን አፉን አፉን እናያለን። እሱ እቴ! ቀስ ብሎ ማንኪያውን አነሳ፣ ቀመሰ፣ አስቀመጠ።

«ጨው የለውም።»

ኦሊቭ አለቀሰች። አልፊ ወደ መስኮቱ ዞረ። እኔ ጨው አመጣሁ፣ ግማሹን ጠረጴዛው ላይ አፈሰስኩት።

የድሮው ድምፅ አይደለም። ወፍራም ነው፣ የሻከረ፣ የአባታችንን ይመስላል። ያ ከፍ ብሎ የሚወጣው አይመለስም። እሱም ያውቀዋል። ሾርባውን ከጨረሰ በኋላ ለራሱ ዝቅ አድርጎ አንጎራጎረ፤ አንድ ቦታ ደረሰና መንገዱ እንደሌለ አይቶ ወደ ሌላ ታጠፈ። ተጠግቼ ሳህኑን አነሳሁ። ምን ልበለው? ሌላ ድምፅ ነው። ግን ድምፅ ነው።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 3

አልፊ ዘፈኖቹን ሁሉ ለዊልፍ አዲስ ድምፅ ዝቅ አደረገለት። «ሽማግሌ መስለሃል፣ ሴቶቹ ግን አሁንም ይጮሃሉ፣ ምን እንደሚሉ እንጃ» ይለዋል። ኩባንያው ደወለ፤ አዲስ ሸክላ ይፈልጋሉ። መጀመሪያ ግን ከተማ ለከተማ ሊዞሩ ነው። ዊልፍ ግላስጎው ነይልኝ አለኝ። ወጥ ቤቱስ? ብል፣ «ይረር» አለ።

እሁድ፣ ማርች 20

ከግላስጎው የመጣሁት ዛሬ ቀትር ላይ ነው። ብቻዬን በባቡር ሄጄ ብቻዬን ተመለስኩ። ፈቃድ ስጠይቅ አለቃችን «አንቺ? ለሮክ?» አለችኝ። አዎ አልኳት፤ ምክንያት አልደረደርኩም።

ትልቅ አዳራሽ ነው። ከኛ ይበልጣል፤ ለኦሊቭ ግን አልነግራትም። ከጎኔ አንዲት ልጅ ተቀመጠች፣ ዓይኗን በሰማያዊ የተቀባች፣ ኮቷ ላይ የባለመዶሻዎቹን ምልክት የሰካች።

«እማማ፣ መጀመሪያዎት ነው?»

«እዚህ መምጣቴ? አዎ።»

«እንግዲያው አንድ ነገር ልንገርዎት። ‹ማዶ ያለህ›ን ሲዘፍኑ፣ ሁለተኛው ግጥም ላይ እሱ ዝም ይላል። ያኔ ዝም ነው የሚባለው፣ እሺ? መጀመሪያ አንዲት ሴት ብቻዋን ትመልሳለች። ከዚያ ነው ሁላችን።»

«ለምን?»

«ደንቡ ነዋ! ሸክላው ላይ እንደዚያ ነው። በየከተማው እንደዚያ ነው።»

«ማናት የምትመልሰው?»

«ማንም። የደፈረች።»

ዊልፍ ወጣ። አሁን ሸሚዙን ራሱ ነው የሚተኩሰው፣ ከሩቅ ያስታውቃል። በአዲሱ ድምፁ ዘፈነ። እዚህም እዚያም ይቧጥጣል፣ ግን ይይዛል። የድሮውን ፈልጌ ነበር... ከሁለት ዘፈን በኋላ መፈለጌን ተውኩ።

ከዚያ ያ ዘፈን መጣ። «ማዶ ያለህ፣ ትሰማኛለህ?» አለና ሙሉውን ጨርሶ ቆመ። አሁን መጨረስ ይችላል። ዝም ያለው ወዶ ነው። ዓይኑን ጨፈነ። ያ ሁሉ ሕዝብ ጭጭ። ጉሮሮዬ ከፈት ሲል ታወቀኝ። ልጅቱ ዞር ብላ አየችኝና ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

እሺ አልኳት በዓይኔ።

ከወዲያ፣ ከመጨረሻው ረድፍ፣ አንዲት ጀመረች። ወጣት ናት፣ ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል፣ ዜማውንም ስታዋለች። «እሰማሃለሁ፣ መጣሁ...» ማንም አልሳቀባትም። ስንኙን እስክትጨርስ ጠበቅናት። ከዚያ ሁላችን ገባን። እኔም ገባሁ፣ አፌን ሞልቼ፣ ቃሉ መሃል እየተነፈስኩ። ዊልፍ አንገቱን ደፍቶ ይሰማ ነበር። የትኛው ድምፅ የኔ እንደሆነ እሱም ሊለየው አይችልም፣ እኔም።

መብራቱ ሲበራ ልጅቱ ክንዴን ጨበጥ አደረገችኝ። አንቱታውን ትታዋለች።

«አየሽ? ቀላል ነው። በሚቀጥለው አንቺ ጀምሪያት።»

«አስብበታለሁ» አልኳት።